መድኃኒቱ እንደሚሠራ ታውቋል፤ አገልግሎቱስ? የጤና አገልግሎት ጥናት ሕክምናን የሚያሻሽልበት መንገድ

አንድ መድኃኒት በሽታን እንደሚያድን በጥናት ተረጋገጠ ማለት ሕመምተኛው ዳነ ማለት አይደለም። ሕመምተኛው በጊዜ ወደ ጤና ተቋም መድረስ፣ ተራውን ጠብቆ የሚመረምረው ባለሙያ ማግኘት አለበት፤ ባለሙያው በሽታውን በትክክል ለይቶ ተገቢውን ማዘዝ፣ የታዘዘው መድኃኒት በመደርደሪያው ላይ መኖር፣ ዋጋውም ከከፋዩ አቅም በላይ አለመሆን አለበት። ከዚያም በኋላ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድበት፣ ካልተሻለውም ተመልሶ የሚታይበት መንገድ ያስፈልገዋል። ከእነዚህ አንዱ ከተሰናከለ፣ በስንት ድካም ውጤታማነቱ የተመሰከረለት መድኃኒት ለዚያ ሰው እንደሌለ ይቆጠራል። የጤና አገልግሎት ጥናት የሚባለው የምርምር ዘርፍ የሚመረምረው ይህንኑ በመድኃኒቱና በሕመምተኛው መካከል ያለውን መንገድ ነው። ሕክምናውን ማን ያገኛል፣ ከማን፣ መቼ፣ በስንት ወጪ፣ በመጨረሻስ ምን ለውጥ ያመጣለታል የሚሉት ጥያቄዎች የዘርፉ መነሻዎች ናቸው።

የተለመደው የሕክምና ምርምር “ይህ ክኒን ደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። የጤና አገልግሎት ጥናት ደግሞ ክኒኑ እንደሚሠራ ከታወቀ በኋላ ይነሣና፣ ደም ግፊት ካለባቸው ሰዎች ምን ያህሉ ክኒኑን እያገኙ ነው፣ ያላገኙት ለምን አላገኙም፣ አሠራሩ በምን መልክ ቢለወጥ ያገኙ ነበር ብሎ ይቀጥላል። ጥያቄው ትንሽ እንዳልሆነ ለመረዳት በ2003 በአሜሪካ የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ያገኘውን ማየት ይበቃል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሕመምተኞች መዝገብ ተገላብጦ ሲታይ፣ አዋቂ ሰዎች ለሕመማቸው ከሚመከረው ሕክምና ያገኙት 55 በመቶ ገደማውን ብቻ ነበር። ለጤና ብዙ ገንዘብ በምታፈስ አገር፣ የታወቀና የተረጋገጠ ሕክምና ግማሽ ያህሉ ከሚገባው ሰው ሳይደርስ ይቀር ነበር ማለት ነው።

ዘርፉ ከየት እንደመጣ የሚያሳየው ከሁሉ የተሻለ ታሪክ የቶንሲል ታሪክ ስለሆነ እርሱን ትንሽ ሰፋ አድርጎ ማየት ይጠቅማል። በ1930ዎቹ የሕፃናትን ቶንሲል በቀዶ ሕክምና ማውጣት በጣም የተለመደ ነበር። በ1934 በኒው ዮርክ ከተማ 1,000 የትምህርት ቤት ልጆች ሲታዩ የ611ዱ ቶንሲል ቀድሞ ወጥቶ ተገኘ። የቀሩትን 389 ልጆች ሐኪሞች መርምረው 174ቱ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል አሉ። ጤነኛ ናቸው ተብለው የታለፉት 215 ልጆች ለሌሎች ሐኪሞች ሲቀርቡ፣ እነዚህኞቹ ደግሞ ከመካከላቸው 99ኙን ለቀዶ ሕክምና መረጡ። ሁለት ጊዜ አያስፈልጋችሁም የተባሉት 116 ልጆች ለሦስተኛ ጊዜ ለሌሎች ሐኪሞች ሲቀርቡ፣ 51ዱ አሁንም ይውጣላቸው ተባለ። በመጨረሻ ከ1,000 ልጆች የቶንሲል ቀዶ ሕክምና ያልተደረገላቸውም ያልታዘዘላቸውም 65 ብቻ ቀሩ።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው በሦስቱም ዙር የተመረጡት ልጆች መጠን 45 በመቶ አካባቢ መሆኑ ነው። የልጆቹ ጤንነት ከዙር ወደ ዙር የተለያየ መሆን ሲገባው፣ የሐኪሞቹ ፍርድ ግን አልተለወጠም። እያንዳንዱ ሐኪም በሙያው የታነጸና በቅን ልቡና የሚሠራ ቢሆንም፣ ከፊቱ ከተሰለፉት ልጆች ግማሽ ያህሉ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋሉ የሚል ልማድ ሳይታወቀው ይዞ ነበር። አንድን ሐኪም ብቻውን አስቀምጦ ቢጠይቁት ይህ ፈጽሞ አይገለጥም፤ የሚገለጠው የብዙዎች ውሳኔ ጎን ለጎን ሲደረደር ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ሐኪም ጄ. አሊሰን ግሎቨር በአገሩ የትምህርት ቤት ልጆች ላይ የሚደረገውን የቶንሲል ቀዶ ሕክምና ከወረዳ ወረዳ አነጻጸረ። ልዩነቱ ብዙ እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ ድህነትም፣ የቤት ጥበትም፣ የአየር ጠባይም ሊያስረዳው አልቻለም። በ1973 ደግሞ ጆን ዌንበርግና አለን ጊትልሰን በአሜሪካዋ ቨርሞንት ግዛት 13 አካባቢዎችን አነጻጽረው፣ የቶንሲል ቀዶ ሕክምና በአንዱ አካባቢ ከ10,000 ሰው 13 ላይ፣ በሌላው ደግሞ 151 ላይ እንደሚደረግ አሳዩ። የሚኖሩት ሰዎች በብዙ ነገር የሚመሳሰሉ ስለነበሩ፣ የአንድ ልጅ ቶንሲል የመውጣትና ያለመውጣት ዕድል በአመዛኙ በሕመሙ ክብደት ሳይሆን በሚኖርበት ቦታና እዚያ በሚሠሩት ሐኪሞች ልማድ የሚወሰን ሆኖ ተገኘ። የጥናቱ ፍሬ ግን በወረቀት ላይ አልቀረም። ቁጥሩ ከፍ ካለባቸው አካባቢዎች በአንዱ ያሉ ሐኪሞች ከጎረቤቶቻቸው ጋር የተነጻጸረውን አኃዝ ሲያዩ፣ ቀዶ ሕክምና የሚታዘዝላቸውን ልጆች እንደገና መገምገም ጀመሩ፤ የቀዶ ሕክምናው ቁጥርም በእጅጉ ወረደ። ሕግ አልወጣባቸውም፣ ቅጣትም አልተጣለባቸውም። የራሳቸውን አሠራር በቁጥር ማየታቸው በቂ ነበር።

ይህን ሲሰሙ ብዙ ቀዶ ሕክምና የሚሠራበትን ቦታ ሁሉ ጥፋተኛ ለማድረግ መቸኮል ግን አይገባም። ልዩነት መኖሩ ትክክለኛው ልክ የቱ እንደሆነ አይነግረንም። አንዳንዱ ልዩነት ከሕመሙ ስርጭት የመጣና ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱም ዝቅተኛ ቁጥር ባለበት አካባቢ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ሳይታከሙ መቅረታቸውን የሚያሳይ ነው። የልዩነት ጥናት ጥያቄውን ያነሣል እንጂ አይመልሰውም፤ ለመልሱ ሌላ ዓይነት መለኪያ ያስፈልጋል።

ያንን መለኪያ ሥርዓት ያስያዘው በቤይሩት የተወለደው ሐኪም አቨዲስ ዶናቤዲያን ነው። በ1966 ባሳተመው ጽሑፍ የሕክምናን ጥራት በሦስት ወገን ማየት እንደሚቻል አስረዳ፤ አንደኛው ተቋሙ ያለው አቅም ማለትም ሕንፃው፣ መሣሪያውና የሰው ኃይሉ ነው፤ ሁለተኛው ሕክምናው የሚሰጥበት ሂደት፣ ሦስተኛው ደግሞ በሕመምተኛው ላይ የሚታየው ውጤት ነው። አዲስ መሣሪያ የተገዛለት ሆስፒታል የግድ የተሻለ ሕክምና ይሰጣል ማለት አይደለም፤ ሂደቱ ያማረ ሆስፒታልም ውጤቱ የግድ ያማረ ይሆናል ማለት አይደለም። ሦስቱ እንዴት እንደሚያያዙ በየጊዜው መፈተሽ አለበት። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ በሥራ ላይ ሲውል ግን ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ የልብ ሕክምና ታሪክ ያሳየናል።

የልብ ደም ስር በድንገት ሲዘጋ የልብ ጡንቻ በየደቂቃው እየሞተ ይሄዳል። ከዋነኞቹ ሕክምናዎች አንዱ ቀጭን ቱቦ በደም ስር አሳልፎ በጫፉ ያለውን ፊኛ በመንፋት የተዘጋውን መክፈት ነው። ሕመምተኛው የሆስፒታሉን በር ከረገጠበት ደቂቃ አንሥቶ ፊኛው እስከሚነፋበት ድረስ ያለው ጊዜ ከ90 ደቂቃ እንዳይበልጥ የሕክምና መመሪያዎች ያዛሉ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ግን ብዙዎቹ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ይህን ማሳካት አቅቷቸው ነበር። ሐኪሞቹ ቸል አላሉም፤ መሣሪያም አልጎደለም። ታዲያ ጊዜው የት ይባክናል? ተመራማሪዎች በመጀመሪያ ፈጣን ወደሆኑ 11 ሆስፒታሎች ሄደው ከአስተዳዳሪ እስከ ነርስ ያሉትን ሠራተኞች አነጋገሩ፤ ከዚያ ከሰሙት ነገር መጠይቅ አዘጋጅተው ከ365 ሆስፒታሎች የአሠራር መረጃ በመሰብሰብ ከእያንዳንዳቸው ትክክለኛ የደቂቃ መዝገብ ጋር አገናዘቡት።

በ2006 የታተመው ውጤት ውስብስብ ቴክኖሎጂ የሚጠይቅ አልነበረም። የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም የልብ ስፔሻሊስት መጥቶ እስኪያረጋግጥለት ሳይጠብቅ ደም ስሩን የሚከፍተውን ቡድን በራሱ ውሳኔ እንዲጠራ ሲፈቀድለት በአማካይ 8 ደቂቃ ገደማ ይተርፋል። ለእያንዳንዱ የቡድኑ አባል ለየብቻ ከመደወል ይልቅ በአንድ ጥሪ ሁሉም እንዲነቃ ማድረግ 14 ደቂቃ ገደማ ያተርፋል። በአምቡላንስ ውስጥ በተነሣው ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳይ ምርመራ) መሠረት ሕመምተኛው ገና መንገድ ላይ ሳለ ዝግጅት መጀመር፣ ቡድኑ ከተጠራ በ20 ደቂቃ ውስጥ እንዲደርስ መጠበቅ፣ የልብ ሐኪም ሁልጊዜ በሆስፒታሉ ውስጥ እንዲኖር ማድረግ፣ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ስንት ደቂቃ እንደወሰደበት ለድንገተኛ ክፍሉና ለልብ ክፍሉ ሠራተኞች ወዲያው ማሳወቅም በዚሁ ተካተዋል። ከእነዚህ ስድስት አሠራሮች አብዛኞቹን ይጠቀሙ የነበሩት ሆስፒታሎች ጥቂት ነበሩ። ውጤቱ ይፋ ከሆነ በኋላ ሆስፒታሎች በዘመቻ ተባብረው እነዚህን አሠራሮች ተግባራዊ አደረጉ፤ በ2005 በመካከለኛ ልኬት 96 ደቂቃ የነበረው ጊዜ በ2010 ወደ 64 ደቂቃ ወረደ። ከስልክ አጠራር ለውጥ ብቻ ምን ያህል ጊዜ እንደተገኘ ሳስብ፣ ለአዲስ መሣሪያ ግዢ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ እንዲህ ላለ ጥናት ቢውል ምን ያህል እንደሚክስ ይገባኛል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ያምር ነበር፤ ነገር ግን አላበቃም። በ2013 የታተመ ሌላ ጥናት ጊዜው ከ83 ወደ 67 ደቂቃ በወረደባቸው ዓመታት በሆስፒታል ውስጥ የሚሞቱት ሕመምተኞች መጠን እንዳልቀነሰ አሳየ። ሂደቱ ተሻሽሏል፤ ውጤቱ ግን አልነቃነቅ አለ። አንዳንዶች የደቂቃው ሩጫ ከንቱ ነበር ወደ ማለት ደረሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣ ትንተና ግን ጉዳዩን በሌላ ገጽ አሳየው። እያንዳንዱ ሕመምተኛ ለየብቻ ሲታይ ፈጥኖ መታከም ከዝቅተኛ ሞት ጋር አሁንም ይያያዛል፤ ነገር ግን ሕክምናው እየተስፋፋ ሲሄድ ቀድሞ ለዚህ ሕክምና የማይቀርቡ ይበልጥ የታመሙ ሰዎችም ወደ ቁጥሩ በመግባታቸው፣ የጠቅላላው አማካይ ሞት ሳይለወጥ ቀርቷል። ያው መረጃ በጅምላ ሲታይ አንድ ነገር፣ በሰው በሰው ሲታይ ሌላ ነገር ይናገራል። የአንድ ሆስፒታል የሞት ቁጥር ከሌላው ጋር ከመነጻጸሩ በፊት የሕመምተኞቹ ዕድሜና የሕመማቸው ክብደት መገናዘብ አለበት የሚባለውም ለዚሁ ነው። አለበለዚያ ከባድ ሕመምተኛ የሚቀበለው ሆስፒታል ሲወቀስ፣ ቀላሉን መርጦ ከባዱን ሪፈር የሚያደርገው ይመሰገናል።

ይህ ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ያደርሰናል፤ በእኔ እምነት የጤና አገልግሎት ጥናት ለጤና አመራሮች ያበረከተው ትልቁ ነገር እርሱ ነው። ጥያቄው “ከምን ጋር ሲነጻጸር?” የሚል ነው። አንድ ፕሮግራም ከተጀመረ በኋላ ነገሮች ተሻሻሉ ሲባል፣ ፕሮግራሙ ባይኖርስ ምን ይሆኑ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

በአሜሪካ ካምደን ከተማ የተጀመረው ፕሮግራም ለዚህ ግሩም ምሳሌ ነው። ሐሳቡ የሚከተለው ነበር፦ የሆስፒታል ወጪ አብዛኛው የሚሄደው ደጋግመው ሆስፒታል በሚተኙ ጥቂት ሰዎች ላይ ስለሆነ፣ እነዚህን ሰዎች ለይቶ ነርስና ማኅበራዊ ሠራተኛ ያሉበት ቡድን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ቢከታተላቸው፣ መድኃኒታቸውን ቢያስተካክልላቸው፣ ቀጠሮ ሲኖራቸው አብሯቸው ቢሄድ ጤናቸው ይሻሻላል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ፕሮግራሙ ውስጥ የገቡት ሰዎች ከመግባታቸው በፊትና በኋላ ሲነጻጸሩ ወደ ሆስፒታል መመላለሳቸው በእርግጥም በጣም ቀንሶ ተገኘ። ዜናው በመላ አገሪቱ ተሰማ፤ ሌሎች ከተሞችም ሊቀዱት ተነሡ።

የፕሮግራሙ ባለቤቶች ግን በዚህ አልረኩም፤ ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው 800 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ወደ ፕሮግራሙ ገቡ፣ ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና አገኙ። በ2020 የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ በስድስት ወር ውስጥ እንደገና ሆስፒታል የተኙት በፕሮግራሙ ውስጥ ካሉት 62.3 በመቶ፣ ከፕሮግራሙ ውጭ ካሉት ደግሞ 61.7 በመቶ ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ ያልገቡትም ቢሆኑ ከቀድሞው ያነሰ ጊዜ ሆስፒታል ተመላልሰዋል። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው፤ ሰዎቹ የተመረጡት እጅግ በከፋባቸው ወቅት ላይ ነበር፤ በጣም የከፋ ወቅት ደግሞ ምንም ባይደረግ እንኳ ብዙውን ጊዜ ወደ መካከለኛው መመለሱ አይቀርም። በፊትና በኋላ ብቻ የሚያነጻጽር ሪፖርት ይህን ተፈጥሯዊ መመለስ የፕሮግራሙ ውጤት አድርጎ ይቆጥረዋል። የራሳቸውን የተመሰገነ ሥራ እንዲህ ላለ ፈተና ያቀረቡት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል፤ ብዙ ተቋማት ይህን ለማድረግ አይደፍሩም።

ሁሉንም ነገር በዕጣ መደልደል እንደማይቻልም መታወቅ አለበት። አንድን ሕግ በግማሽ አገር ብቻ ማውጣት፣ አንድን ሆስፒታል በዕጣ መዝጋት የሚቻል ነገር አይደለም። በዚህ ጊዜ ተመራማሪዎች ለውጡ የደረሰባቸውን ተቋማት ለውጡ ካልደረሰባቸው ተመሳሳይ ተቋማት ጋር፣ በሁለቱም ዘንድ ከለውጡ በፊትና በኋላ የነበረውን ይዘው ያነጻጽራሉ። ለምሳሌ በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ በሚገኙ 168 ሆስፒታሎች ላይ ተደርጎ በ2002 የታተመ ጥናት፣ ለአንድ ነርስ ከሚደርሱት ሕመምተኞች ቁጥር ላይ አንድ ሲጨመር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድል በ7 በመቶ ከፍ ከማለት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቶ ነበር። ሆኖም ነርስ የሚበዛባቸው ሆስፒታሎች በሌላም ነገር የተሻሉ ሊሆኑ ስለሚችሉ ጥርጣሬው እንዳለ ቆየ። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ግዛት በ2016 በተወሰኑ ሆስፒታሎች አንድ ነርስ ልትይዝ የምትችለው የሕመምተኛ ቁጥር በሕግ ሲወሰን፣ ሕጉ የነካቸውን ሆስፒታሎች ካልነካቸው ጋር ማነጻጸር ተቻለ። በ2021 የታተመው ውጤት በነርሶች ቁጥር መሻሻል የሞት፣ የዳግም መተኛትና የቆይታ ጊዜ መቀነስ አብረው እንደታዩ፣ ከዚህ የተገኘው ቁጠባም ለተጨማሪ ነርሶች ከወጣው ወጪ እንደሚበልጥ ገመተ። ነርስ መቅጠርን እንደ ወጪ ብቻ ለሚያይ የበጀት ኃላፊ ከዚህ የበለጠ መከራከሪያ ማምጣት ያስቸግራል።

የገንዘብ ጉዳይ ከተነሣ አይቀር፣ ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በ1970ዎቹ በአሜሪካ የጀመረውን የጤና መድን ሙከራ አለመጥቀስ አይቻልም። በዚህ ሙከራ ቤተሰቦች ሕክምናን በነፃ ወደሚያገኙበትና ከወጪው የተወሰነውን ከኪሳቸው ወደሚከፍሉበት መድን በዕጣ ተደልድለዋል። ከኪሳቸው የሚከፍሉት ብዙም ሳይታከሙ ቀሩ፤ ነገር ግን የተዉት አላስፈላጊውን ሕክምና ብቻ ሳይሆን አስፈላጊውንም ጭምር ነበር። በአብዛኛው ሰው ጤና ላይ ይህ ነው የሚባል ጉዳት ባይታይም፣ ድሃ የሆኑና ደም ግፊት ያለባቸው ሰዎች ግፊት ግን በነፃ ከሚታከሙት ያነሰ ቁጥጥር ነበረው። ክፍያ ሰውን ከሐኪም ያርቃል፤ ማን መራቅ እንደሌለበት ግን ለይቶ አያውቅም።

ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪው ጥያቄ፣ በአንድ ቦታ የሠራ ማሻሻያ በሌላ ቦታ ለምን አይሠራም የሚለው ነው። በሚሺጋን ግዛት ከ100 በላይ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ወደ ትልቅ ደም ስር የሚገባ ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) የሚያመጣውን የደም ኢንፌክሽን ለመቀነስ አምስት ነገሮችን ለማክበር ተስማሙ፤ እጅ መታጠብ፣ ካቴተሩ ሲገባ ሙሉ የመከላከያ ልብስና መሸፈኛ መጠቀም፣ ቆዳን ክሎርሄክሲዲን በተባለ ጀርም ገዳይ ማጽዳት፣ በተቻለ መጠን በብሽሽት በኩል አለማስገባት፣ የማያስፈልግ ካቴተርን ቶሎ ማውጣት። በ2006 እንደታተመው፣ በ1,000 የካቴተር ቀን (አንድ ሕመምተኛ ካቴተር ገብቶለት የዋለበት እያንዳንዱ ቀን አንድ ተብሎ ሲቆጠር) በአማካይ 7.7 የነበረው ኢንፌክሽን በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ወደ 1.4 ወረደ። ዓለም የያዘው ዝርዝሩን ነው፤ ወረቀቱ ተባዝቶ በየሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ይበቃል የሚል ስሜት ተፈጠረ። ከዝርዝሩ ጀርባ ግን ሌላ ብዙ ነገር ነበር። አምስቱ ነገሮች ካልተከበሩ ነርሷ ሐኪሙን እንድታስቆም ሥልጣን ተሰጥቷት ነበር፤ ዕቃው ሁሉ በአንድ ጋሪ ተሰናድቶ ይቀርብ ነበር፤ እያንዳንዱ ክፍልም የራሱን የኢንፌክሽን ቁጥር በየጊዜው ይመለከት ነበር።

እንግሊዝ ይህንኑ በጽኑ ሕሙማን ክፍሎቿ ስትሞክር ኢንፌክሽኑ ቀነሰ፤ ነገር ግን ፕሮግራሙ ገና ባልደረሰባቸው ክፍሎችም እኩል እየቀነሰ ስለነበር ቅነሳውን ለፕሮግራሙ ብቻ መስጠት አልተቻለም። ፕሮግራሙ በሚካሄድባቸው ክፍሎች ውስጥ ተቀምጠው ሠራተኞችን የታዘቡ ተመራማሪዎች፣ ብዙዎቹ ሠራተኞች ፕሮግራሙን ከላይ እንደወረደ ትእዛዝ ያዩት እንደነበር፣ ቀድሞ የተካሄዱ ሌሎች ዘመቻዎችም አሠራሩን አስቀድመው ቀይረውት እንደነበር አስተዋሉ። የቀዶ ሕክምና ቼክሊስትም፣ ማለትም ቡድኑ አንድ በአንድ የሚያረጋግጣቸው ነጥቦች ዝርዝር፣ ተመሳሳይ ጉዞ አለው። በ2009 የታተመው የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት በስምንት ከተሞች ባሉ ስምንት ሆስፒታሎች ውስጥ፣ 19 ነጥቦች ያሉት ቼክሊስት ሥራ ላይ ሲውል የሞት መጠን ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ እንደወረደ ገልጾ ነበር። በካናዳ ኦንታሪዮ ቼክሊስቱ በመመሪያ ግዴታ ሆኖ በ101 ሆስፒታሎች ሲተገበር ግን፣ በ2014 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የሞት መጠኑ ከ0.71 ወደ 0.65 በመቶ ብቻ ነበር የተለወጠው፤ ይህም በአጋጣሚ ሊከሰት ከሚችለው የሚለይ አልነበረም። ሆስፒታሎቹ ቼክሊስቱን እንጠቀማለን ብለው ሪፖርት አድርገዋል፤ ሳጥኑን በምልክት መሙላትና ቆም ብሎ እርስ በርስ መነጋገር ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሪፖርቱ ደግሞ ሁለቱን አይለይም።

ስለዚህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም። ተመራማሪ በክፍሉ ጥግ ቆሞ ማየት፣ ሠራተኛውንም ሕመምተኛውንም ማነጋገር፣ አንዳንዴም ሕመምተኛ መስሎ መግባት አለበት። በሕንድ የሠለጠኑ ሰዎች የሕመም ምልክት እየተናገሩ ሳይታወቁ ወደ ሕክምና ሰጪዎች ቀርበው የተገኘው ውጤት እንደሚያስረዳው፣ ባለሙያዎች በፈተና ላይ በትክክል የሚመልሱትን ነገር እውነተኛ ሰው ከፊታቸው ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ አያደርጉትም። የዚህ ክፍያ ከባድ ነው። በ2018 የወጣ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ሕክምና ሊያስቀራቸው ይችል ከነበረው በዓመት 8.6 ሚሊዮን ሞት ውስጥ 3.6 ሚሊዮኑ ወደ ሕክምና ባለመድረስ፣ 5 ሚሊዮኑ ደግሞ ወደ ሕክምና ደርሰው ጥራቱ በመጓደሉ እንደሚደርስ ገምቷል። ጤና ጣቢያ መገንባት ብቻውን ግቡን እንደማይመታ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አኃዝ አላውቅም።

ጥናት፣ ለውጥና እንደገና ጥናት በአንድ ሰንሰለት እንዴት እንደሚያያዙ ከሚያሳዩት ውስጥ የእንግሊዝ የስትሮክ ሕክምና አንዱ ነው። ስትሮክ የያዘው ሰው በአቅራቢያው ወዳለው ሆስፒታል መሄዱ ተፈጥሯዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ሌት ተቀን ልዩ ቡድንና የአንጎል ምርመራ ያለው ሆስፒታል ጥቂት ነው። ለንደን በ2010 የስትሮክ ሕመምተኞቿን ሁሉ ስምንት ልዩ ማዕከላት ብቻ እንዲቀበሏቸው አደረገች፤ አምቡላንሱ ቅርብ ያለውን ሆስፒታል አልፎ ወደ እነርሱ ይሄዳል። ማንቸስተርና አካባቢዋም በዚያው ዓመት ሥርዓቱን ለወጡ፤ ነገር ግን ወደ ልዩ ማዕከል የሚወሰዱት ምልክቱ ከጀመራቸው በአራት ሰዓት ውስጥ የደረሱት ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ። በ2014 የታተመው ጥናት ሁለቱንም ከቀረው የእንግሊዝ ክፍል ጋር ሲያነጻጽር፣ በለንደን በ90 ቀን ውስጥ የሚደርሰው ሞት በ1.1 መቶኛ ነጥብ ተጨማሪ ቅነሳ ማሳየቱን፣ በማንቸስተር ግን በሞት ላይ ከቀረው አገር የተለየ ለውጥ አለመታየቱን አገኘ። በሁለቱም ከተሞች ሕመምተኞች በሆስፒታል የሚቆዩበት ጊዜ አጥሯል። ተመራማሪዎቹ ሠራተኞችን አነጋግረው እንደተረዱት፣ የለንደን መመሪያ ሁሉንም ሕመምተኛ ስለሚመለከት የአምቡላንስ ሠራተኛው መንገድ ላይ ሰዓት እያሰላ እንዲወስን አያስገድደውም ነበር፤ የማንቸስተሩ ግን ለልዩነትና ለመሳሳት በር ይከፍታል። ማንቸስተር በ2015 የአራት ሰዓቱን ገደብ አንሥታ ሁሉም የስትሮክ ሕመምተኞች ወደ ልዩ ማዕከላት እንዲሄዱ ወሰነች። ተመራማሪዎቹ ተመልሰው ሲለኩ፣ በ2019 እንደታተመው፣ በማዕከላቱ በታከሙት ሕመምተኞች ዘንድ ሞት መቀነሱ ታየ፤ በአካባቢው ጠቅላላ ሕመምተኞች ላይ ግን ቅነሳው ገና በእርግጠኝነት የሚነገር አልነበረም። የለንደኑ ለውጥ ደግሞ ከዓመታት በኋላም እንደጸና ተገኝቷል።